የልብ ትርታ ብቻውን የጤንነት ማረጋገጫ አይሆንም
የማከማቻ ክላስተሮችን የሜታዳታ ሰርቨሮች ጤንነት ስለ መከታተል

መግቢያ

በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ መቶ ሺህ ፋይሎች በሃያ ክፍሎች ተደርድረው ተቀምጠዋል እንበል። የየትኛው ባለጉዳይ ፋይል በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው መደርደሪያ፣ በስንተኛው ረድፍ እንደሚገኝ የሚታወቀው ግን በመዝገብ ቤቱ ከሚገኘው አንድ መዝገብ ብቻ ነው። አንድ ቀን መዝገብ ጠባቂው ከሥራ ቢቀር ከመቶ ሺህ ፋይሎች አንዱም አልጠፋም፤ አንዱም አልተቀደደም፤ ሆኖም አንዱንም ማግኘት አይቻልም።

ከዚህ የሚብሱ ሁለት ሁኔታዎችም አሉ። የመጀመሪያው መዝገብ ጠባቂው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ሰላምታም እየመለሰ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሲሆን ነው። ኃላፊው በመስኮት ሲመለከት ሠራተኛው በቦታው ስላለ ሥራው የተቃና ይመስለዋል፤ ወረፋው ግን በሩን አልፎ ግቢውን ይሞላል። ሁለተኛው ደግሞ ሠራተኛው ቀርቷል ተብሎ ምትክ ከተሾመ በኋላ የቀድሞው በሌላ በር ገብቶ ሥራውን ሲቀጥል ነው። ያን ጊዜ ሁለት ሰዎች በሁለት መዝገቦች ላይ የተለያየ ነገር ይጽፋሉ፤ ከቀናት በኋላም የትኛው መዝገብ እውነተኛ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይገኝም።

ውድ አንባብያን፣ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን አቀናጅተው መረጃ የሚያከማቹ ክላስተሮች ይህን የመሰለ መዝገብ ቤት አላቸው። እርሱም የሜታዳታ ሰርቨር ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ አጭር ነው፦ ይህ ሰርቨር ጤነኛ መሆኑን ከርቀት እንዴት ማወቅ ይቻላል? ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱ ቀላል አይደለም። በሕይወት መኖርና ጤነኛ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ዝምታም የሞት ማስረጃ አይደለም። የሚከተሉት ክፍሎች እነዚህን ሁለት ነጥቦች ያብራራሉ።

ሜታዳታ ምንድን ነው?

ሜታዳታ ማለት ስለ መረጃ የሚናገር መረጃ ማለት ነው። የአንድ ፋይል ስም፣ መጠን፣ ባለቤት፣ የተጻፈበት ጊዜ፣ የሚገኝበት ማኅደርና በየትኞቹ ዲስኮች ላይ ተከፋፍሎ እንደተቀመጠ የሚያመለክቱ ማስታወሻዎች ሁሉ ሜታዳታ ናቸው። የፋይሉ ይዘት ራሱ ግን በሌሎች ሰርቨሮች ላይ ይቀመጣል። ተገልጋዩ ኮምፒውተር በመጀመሪያ የሜታዳታ ሰርቨሩን "የፈለግሁት ፋይል የት ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ አድራሻውን ከተቀበለ በኋላ ይዘቱን በቀጥታ ከማከማቻ ሰርቨሮቹ ያነባል።

የሜታዳታው መጠን ከመረጃው ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። የጉግል ኩባንያ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ የገለጹትን የፋይል ሥርዓት እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በዚያ ሥርዓት እያንዳንዱ ፋይል 64 ሜጋባይት በሚመዝኑ ቁርጥራጮች ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ በዋናው ሰርቨር ላይ የሚያዘው ሜታዳታ ከ64 ባይት ያነሰ ነው። ይህም የአንድ ሚሊዮን ለአንድ ንጽጽር ነው። 1 ፔታባይት፣ ማለትም 1 ሚሊዮን ጊጋባይት መረጃ ቢኖረን፣ ቁርጥራጮቹ 16 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ ሜታዳታቸው በአንድ ተራ ኮምፒውተር ሜሞሪ ውስጥ ሊገባ የሚችል 1 ጊጋባይት ያህል ብቻ ይሆናል።

አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። አንድ ሚሊዮን ጊጋባይት የሚያህለው መረጃ በሙሉ በአንዲት ጊጋባይት ላይ ጥገኛ ይሆናል። ከማከማቻ ሰርቨሮች አንዱ ቢበላሽ የያዛቸው ቁርጥራጮች ቅጂ በሌሎች ሰርቨሮች ላይ ስለሚገኝ ተገልጋዩ ላያውቀውም ይችላል። የሜታዳታ ሰርቨሩ ከቆመ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር የሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል፣ ሰርን፣ የዲስክ ማከማቻው እ.ኤ.አ. በ2023 ከ1 ሚሊዮን ቴራባይት ማለፉን አስታውቋል። የዚህን ያህል መጠን ያለው የቅንጣት ፊዚክስ ልኬት ትርጉም የሚኖረው እያንዳንዱ ፋይል የት እንዳለ የሚያውቀው ክፍል ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው።

የልብ ትርታ

የሰርቨርን ሕልውና ለማወቅ ከሁሉ ቀድሞ የተለመደው ዘዴ የልብ ትርታ ይባላል። ሰርቨሩ በተወሰነ የጊዜ ልዩነት "አለሁ" የምትል አጭር መልእክት ለተቆጣጣሪዎቹ ይልካል። መልእክቷ ከተወሰነ ጊዜ በላይ ከቀረች ተቆጣጣሪዎቹ ሰርቨሩ እንደሞተ ቆጥረው ተጠባባቂውን በቦታው ይተካሉ።

ለምሳሌ ሴፍ የተሰኘውን የማከማቻ ሥርዓት እንመልከት። ይህን ሥርዓት ሴጅ ዌይል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳንታ ክሩዝ፣ የዶክትሬት ምርምሩ አድርጎ የጀመረው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ከባልደረቦቹ ጋር ለሙያው ዓለም አስተዋውቆታል። በሴፍ ውስጥ የሜታዳታ ሰርቨር በየ4 ሰከንዱ መልእክት ይልካል፤ ለ15 ሰከንድ ድምፁ ካልተሰማ እንደተሰናከለ ይቆጠራል። እነዚህ ቁጥሮች በመነሻው የተሰጡ ሲሆኑ አስተዳዳሪው ሊለውጣቸው ይችላል።

የገደቡ ልክ እንደ ሥራው ዓይነት ይለያያል። ሀዱፕ በተባለው ሥርዓት የማከማቻ ሰርቨሮች ለሜታዳታ ሰርቨሩ በየ3 ሰከንዱ ትርታ ይልካሉ፤ ሞተዋል የሚባሉት ግን ከ10 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ የማከማቻ ሰርቨር ቢዘገይ ቅጂው ሌላ ቦታ ስላለ መታገሥ ይቻላል፤ ሞቷል ብሎ መወሰን ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ጊጋባይቶችን እንደገና መገልበጥን ያስከትላል። የሜታዳታ ሰርቨር ዝም ሲል ግን እያንዳንዷ ሰከንድ የሁሉም ተገልጋይ ኪሳራ ናት።

ተቆጣጣሪው አንድ ብቻ ቢሆን እርሱ ሲሳሳት የሚያርመው አይኖርም። ስለሆነም ተቆጣጣሪዎቹ ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 5 ይሆናሉ፤ ውሳኔያቸውም የሚጸናው ምልዓተ ጉባኤ ሲሟላ፣ ማለትም ከ3ቱ 2ቱ ወይም ከ5ቱ 3ቱ ሲስማሙ ነው። ክላስተሩ በኔትወርክ ብልሽት ለሁለት ቢከፈል እንኳ አብላጫውን ሊይዝ የሚችለው ከሁለቱ ወገኖች አንዱ ብቻ በመሆኑ፣ ሁለት ተቃራኒ ውሳኔዎች በአንድ ጊዜ ሊጸድቁ አይችሉም።

ዝምታ ምን ይነግረናል?

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንግባ። የአንድ ሰርቨር ትርታ ለ15 ሰከንድ ቀረ እንበል። ምን ሆኖ ይሆን? ኤሌክትሪክ ተቋርጦበት ሊሆን ይችላል። ወይም ሰርቨሩ ደኅና ሆኖ የኔትወርክ ገመዱ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ሥራ በዝቶበት ትርታውን ለመላክ ጊዜ አጥቶ ሊሆን ይችላል። በተቆጣጣሪው ዘንድ ሦስቱም ሁኔታዎች አንድ ዓይነት መልክ አላቸው፤ ሁሉም ዝምታ ናቸው።

ይህ የመሣሪያ ጉድለት አይደለም፤ የተፈጥሮ ሕግን የሚመስል ወሰን ነው። ማይክል ፊሸር፣ ናንሲ ሊንችና ማይክል ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ፣ የመልእክት መዘግየት ወሰን በሌለው ሥርዓት ውስጥ አንድ አባል እንኳ ሊሞት የሚችል ከሆነ፣ ምንጊዜም ከስምምነት ላይ እንደሚያደርስ ዋስትና የሚሰጥ ቁርጥ ያለ ስልት ሊኖር እንደማይችል በሒሳብ አረጋግጠዋል። የችግሩ ሥር እጅግ የዘገየን ከሞተ ለይቶ ማወቅ አለመቻሉ ነው።

ቱሻር ቻንድራና ሳም ቱኤግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 የብልሽት ጠቋሚን ጥራት የሚለኩ ሁለት ባሕርያትን ለይተው አስቀመጡ። የመጀመሪያው የሞተው ሁሉ ውሎ አድሮ መታወቁ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሕያው የሆነው ሞተ አለመባሉ ነው። የጊዜ ገደቡን ስናሳጥር ሞትን ቶሎ እናውቃለን፤ ነገር ግን ሕያዋንን እንቀብራለን። ስናስረዝመው ደግሞ ስሕተቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ተገልጋዩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ይህን በቁጥር እንመልከተው። ትርታው በየ4 ሰከንዱ የሚላክ፣ ገደቡም 15 ሰከንድ ነው እንበል። ሰርቨሩ በስሕተት ሞተ እንዲባል 3 ተከታታይ ትርታዎች መጥፋት አለባቸው። እያንዳንዷ ትርታ በ1 ከመቶ ዕድል የምትጠፋና መጥፋቷም ከሌሎቹ ጋር የማይገናኝ ቢሆን፣ ሦስቱም ተከታትለው የመጥፋታቸው ዕድል 1 ከሚሊዮን ነው። ይህ እጅግ አነስተኛ ይመስላል። ሆኖም በአንድ ቀን 21,600 ትርታዎች ስለሚላኩ፣ በአማካይ በየ46 ቀኑ አንድ ጤነኛ ሰርቨር በስሕተት ከሥራው ይነሣል ማለት ነው። ገደቡን ወደ 30 ሰከንድ ብናሳድገው 7 ተከታታይ ትርታዎች መጥፋት ስላለባቸው በዚህ መንገድ የሚመጣ ስሕተት ከናካቴው የማይታይ ይሆናል፤ ዋጋውም ሰርቨሩ በእርግጥ በሞተ ጊዜ ሁለት እጥፍ መጠበቅ ነው። በተግባር ሲታይ ደግሞ ትርታዎች የሚጠፉት በተናጠል ሳይሆን በጅምላ ነው። አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ወይም አንድ ገመድ ሲበላሽ ሁሉም አብረው ይጠፋሉና፣ ከላይ ያለው ስሌት ከእውነታው ይልቅ ቸር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ከዚህ አጣብቂኝ በከፊል የሚያወጣ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2004 ናኦሂሮ ሀያሺባራና ባልደረቦቹ አቀረቡ። በእነርሱ ዘዴ ጠቋሚው "ሞቷል" ወይም "አለ" ብሎ አይፈርድም፤ የጥርጣሬውን መጠን በቁጥር ይናገራል። ካለፉት ትርታዎች የመድረሻ ልማድ ተነሥቶ፣ ቀጣዩ ትርታ ከዚህ በኋላም ሊደርስ የሚችልበትን ዕድል ያሰላል። ዕድሉ 1 ከ10 ሲሆን ጥርጣሬው 1፣ 1 ከ100 ሲሆን 2፣ 1 ከ1,000 ሲሆን 3 ይባላል። የፊዚክስ ተማሪዎች ይህ የሎጋሪዝም መለኪያ መሆኑን ወዲያው ይገነዘባሉ። ጥቅሙም እንደ እርምጃው ክብደት የተለያየ ወሰን ማበጀት መቻሉ ነው። በጥርጣሬ 2 ለአስተዳዳሪው ማስጠንቀቂያ መላክ፣ ምትክ ለመሾም ግን ከዚያ እጅግ ከፍ ያለ ጥርጣሬን መጠበቅ ይቻላል። ካሳንድራ የተሰኘው የዳታቤዝ ሥርዓት ይህንኑ ዘዴ ይጠቀማል።

ሁለት መዝገብ ጠባቂዎች በአንድ ጊዜ

በስሕተት ሞተ የተባለ ሰርቨር ሥራውን ከቀጠለ በመግቢያችን ያየነው የሁለት መዝገቦች ጥፋት ይደርሳል። ይህን ለመከላከል ምትክ ከመሾሙ በፊት የቀድሞው ሰርቨር ወደ ዲስኮቹ እንዳይጽፍ ይታጠራል። በሴፍ ውስጥ ተቆጣጣሪዎቹ የተሻረውን ሰርቨር አድራሻ በእገዳ ዝርዝር ላይ ያሰፍራሉ፤ የማከማቻ ሰርቨሮቹም ከዚያ አድራሻ የሚመጣ ማናቸውንም የጽሕፈት ትእዛዝ አይቀበሉም። የተሻረው ሰርቨር መሻሩን ባያውቅም ጉዳት ማድረስ አይችልም። ሌሎች ሥርዓቶች ደግሞ የተጠረጠረውን ሰርቨር ኤሌክትሪክ እስከ ማቋረጥ ይደርሳሉ።

ማጠሩ መዝገቡን ከመበከል ያድነዋል። ሆኖም ምትኩ የተሾመው የቀድሞው የመጨረሻ ጽሑፎች ሳይደርሱት ከሆነ ችግሩ በሌላ መልክ ይመጣል። የሶፍትዌር ጽሑፎችን በማስቀመጥ የታወቀው የጊትሀብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የደረሰበት ለዚህ ትምህርት ሰጪ ነው። ኩባንያው የፕሮግራም ጽሑፎቹን በአንድ ወገን፣ ስለ እነርሱ የሚናገረውን ሜታዳታ ደግሞ በዳታቤዝ ሰርቨሮች ላይ ያስቀምጣል። በተለመደ የጥገና ሥራ ምክንያት በምሥራቃዊ አሜሪካ የሚገኘው ዋና የመረጃ ማዕከሉ ከኔትወርኩ ለ43 ሰከንድ ተቆረጠ። ራሱን የቻለው የቁጥጥር ሥርዓት ምልዓተ ጉባኤውን አሟልቶ፣ ደንቡንም ተከትሎ፣ ዋናነቱን በምዕራባዊ አሜሪካ ላሉት ሰርቨሮች ሰጠ። ነገር ግን በምሥራቁ ማዕከል ወደ ምዕራብ ያልተላለፉ የጥቂት ሰከንዶች ጽሑፎች ቀርተው ነበር፤ በምዕራቡም አዳዲስ ጽሑፎች መመዝገብ ጀመሩ። ሁለቱን መዝገቦች አስታርቆ አገልግሎቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው ለመመለስ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ፈጀ። የፕሮግራም ጽሑፎቹ ራሳቸው አንዳች ጉዳት አልደረሰባቸውም፤ የታመመው መዝገቡ ብቻ ነበር። ለ43 ሰከንድ ዝምታ የተሰጠው ፈጣን መልስ የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ አስከፈለ።

ሕያው፣ ነገር ግን ታማሚ

እስካሁን የተመለከትነው በሕይወት ስለ መኖር ነው። አሁን ደግሞ ትርታው ሳይቋረጥ የሚታመመውን ሰርቨር እንመልከት። የማይክሮሶፍትና የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን ዓይነቱን ሁኔታ ግራጫ ብልሽት ብለው ሰይመውታል። መለያው የተመልካቾች አለመስማማት ነው፦ ተቆጣጣሪው "ደኅና ነው" ይላል፤ ተገልጋዩ ግን "አልሠራልኝም" ይላል።

አንድ ሰርቨር እንዴት ሳይሞት እንደሚታመም ከወረፋ ሒሳብ መረዳት ይቻላል። ጥያቄዎች በዘፈቀደ የሚደርሱበትና አንድ በአንድ የሚያስተናግድ ሰርቨር በሰከንድ በአማካይ 10,000 ጥያቄዎችን የመመለስ አቅም አለው እንበል። በቀላሉ የወረፋ ሞዴል መሠረት አንድ ጥያቄ የሚያሳልፈው አማካይ ጊዜ 1 ሲካፈል ለአቅምና ለጫና ልዩነት ነው። ውጤቱም የሚከተለው ይሆናል፦

በሰከንድ 5,000 ጥያቄ ሲደርስ፦ 0.2 ሚሊሰከንድ
በሰከንድ 9,000 ጥያቄ ሲደርስ፦ 1 ሚሊሰከንድ
በሰከንድ 9,900 ጥያቄ ሲደርስ፦ 10 ሚሊሰከንድ
በሰከንድ 9,990 ጥያቄ ሲደርስ፦ 100 ሚሊሰከንድ

ጫናው ከ9,000 ወደ 9,990 ሲያድግ ጭማሪው 11 ከመቶ ብቻ ነው፤ መዘግየቱ ግን መቶ እጥፍ ሆኗል። ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ባረጋገጠው ሕግ መሠረት ደግሞ በሰርቨሩ ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች ብዛት የመድረሻ ፍጥነት ሲባዛ በአማካይ ቆይታ ስለሆነ፣ በመጨረሻው ሁኔታ ወደ 1,000 የሚጠጉ ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ወረፋ ይዘዋል ማለት ነው። በየ4 ሰከንዱ አንዲት አጭር መልእክት መላክ ግን ለዚህ ሰርቨር አሁንም ቀላል ነው። ትርታው በሰዓቱ ይደርሳል፤ ተገልጋዩ ግን ፋይሉን ለመክፈት ይንገላታል።

በመሆኑም ጥሩ ክትትል ከትርታው አልፎ ቢያንስ አራት ነገሮችን ይለካል።

አንደኛ፣ የምላሽ ጊዜ። አማካዩን ብቻ መመልከት ያሳስታል። ከ100 ጥያቄዎች 99ኙ በ1 ሚሊሰከንድ ተመልሰው አንዱ 5 ሰከንድ ቢፈጅ፣ አማካዩ 51 ሚሊሰከንድ ያህል ይሆናል። ይህ ቁጥር የ99ኙንም ሆነ የአንዱን ሁኔታ አይገልጽም። ስለዚህ ከመቶው እጅግ የዘገየው የፈጀው ጊዜ ለብቻው መለካት አለበት። በሴፍ ከ30 ሰከንድ በላይ ያልተመለሰ ጥያቄ ራሱን የቻለ ማስጠንቀቂያ ያስነሣል።

ሁለተኛ፣ የሜሞሪ ይዞታ። የሜታዳታ ሰርቨር ቶሎ ቶሎ የሚጠየቁ ማስታወሻዎችን በሜሞሪው ይይዛል። በሴፍ የመነሻ ገደቡ 4 ጊጋባይት ነው፤ ይዞታው የገደቡን አንድ ተኩል እጥፍ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሰርቨሩ ሳይሆን፣ የተሰጠውን የፋይል ፈቃድ እንዲመልስ ተጠይቆ የማይመልስ ተገልጋይ ነው። አንባቢው ካልመለሰው መጽሐፍ የተነሣ መደርደሪያው እንደሚጎድል ቤተ መጻሕፍት ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የጆርናሉ ርዝመት። ሰርቨሩ የሚያደርገውን ለውጥ ሁሉ በመጀመሪያ ጆርናል በተባለ ተከታታይ መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ቀስ በቀስም ወደ ቋሚ ቦታው ያሰፍረዋል። ጆርናሉ እየረዘመ ከሄደ ማከማቻው ከሰርቨሩ ፍጥነት ጋር መራመድ አልቻለም ማለት ነው። ይህ ሕመም ዛሬ ላይታይ ይችላል፤ ነገር ግን ሰርቨሩ የወደቀ ዕለት ዋጋውን ያስከፍላል።

አራተኛ፣ ከተገልጋዩ ወገን የሚደረግ ሙከራ። በየደቂቃው አንዲት ትንሽ ፋይል ፈጥሮ፣ ስሟን ለውጦ፣ አንብቦ የሚያጠፋ ፕሮግራም ቢኖረን የምናገኘው መልስ ተገልጋዩ ከሚያገኘው ጋር አንድ ይሆናል። ግራጫውን ብልሽት ለማወቅ ከዚህ የሚቀርብ መንገድ የለም።

የሴፍ ንድፍ አውጪዎች ትርታውን ራሱንም ከውስጣዊ ጤንነት ጋር አያይዘውታል። የሰርቨሩ የውስጥ ክሮች ሥራ አቁመው ከተገኙ ሰርቨሩ ትርታውን ከመላክ ይታቀባል። በዚህ አሠራር ትርታው "ኮምፒውተሩ በርቷል" ከማለት አልፎ "የውስጥ ሥራዬ አልቆመም" የሚል ምስክርነት ይሆናል።

ሐኪሙ ራሱ ሲታመም

የክትትል ሥርዓት ከሚከታተለው አካል ነጻ መሆን ይገባዋል። እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 2017 በአማዞን ኩባንያ የሰሜን ቨርጂኒያ የማከማቻ አገልግሎት ላይ የደረሰው መስተጓጎል ይህን በግልጽ ያሳያል። አንድ የኩባንያው ባለሙያ ጥቂት ሰርቨሮችን ከሥራ ለማስወጣት የሰጠው ትእዛዝ በአጻጻፍ ስሕተት ምክንያት ከታሰበው በላይ ብዙ ሰርቨሮችን አስወጣ። ከእነዚህም መካከል የአካባቢውን ዕቃዎች ሁሉ ሜታዳታና አድራሻ የሚይዘው የማውጫ ክፍል ሰርቨሮች ይገኙ ነበር። ክፍሉ ለብዙ ዓመታት ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ተነሥቶ ስለማያውቅና በዚያ ጊዜ ውስጥ እጅግ ስላደገ፣ መልሶ ለማስነሣት ከተገመተው የበለጠ ጊዜ ወሰደ። አገልግሎቱ ወደ ነበረበት የተመለሰው ከ4 ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው።

ለርእሳችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ኩባንያው የአገልግሎቶቹን ጤንነት ለሕዝብ የሚያሳውቅበት ሰሌዳ የሚተዳደረው በዚያው በታመመው ማከማቻ ላይ በተመሠረተ መሣሪያ ነበር። ስለሆነም ለ2 ሰዓት ያህል የሰሌዳውን መረጃ መለወጥ አልተቻለም። ቴርሞሜትሩ በሽተኛው ራሱ በያዘው ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር ማለት ይቻላል።

ከወደቀ በኋላ ያለው ሰዓት

የሜታዳታ ሰርቨር ሲተካ ተጠባባቂው ወዲያው ሥራ አይጀምርም። በመጀመሪያ የቀድሞውን ጆርናል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነባል፤ ቀጥሎ ተገልጋዮቹ እንደገና እስኪገናኙት ይጠብቃል፤ ከዚያም የያዟቸውን ፋይሎች ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል፤ በመጨረሻም ሥራውን ይረከባል። በእነዚህ ደረጃዎች ላይ ያለ ሰርቨር ለውጭ ተመልካች የታመመ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን በማገገም ላይ ነው።

ጆርናሉ በጣም ረዝሞ ከሆነ ተጠባባቂው በንባብ ተጠምዶ ትርታውን ሊያዘገይ ይችላል። ያን ጊዜ ተቆጣጣሪዎቹ እርሱንም ሞቷል ብለው ሌላ ይሾማሉ፤ ሌላውም ያንኑ ጆርናል ከመጀመሪያው ማንበብ ይጀምራል። በዚህ መንገድ ክላስተሩ ሳይድን በምትክ ላይ ምትክ ሲሾም ሊውል ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚመከረው የሐኪም ትእዛዝ የጊዜ ገደቡን ለጊዜው አስረዝሞ በሽተኛውን ማስታመም ነው።

ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ ደግሞ ሁሉም ተገልጋዮች በአንድ ቅጽበት ስለሚጠይቁ፣ ከላይ በወረፋው ስሌት ያየነው ጫና በድንገት ይከሰታል። የመብራት መቋረጥ እንግዳ ባልሆነበት እንደ እኛ ባለ ሀገር ክላስተር የሚተክል ተቋም፣ የመነሣቱን ሒደት አስቀድሞ መለማመድና የሚፈጀውን ጊዜ ለክቶ ማወቅ አለበት።

በንድፍም ማሻሻል ይቻላል። ሰርን የሚጠቀምበት ኢኦስ የተባለው ሥርዓት በመጀመሪያ ሜታዳታውን በሙሉ በሜሞሪ ይይዝ ስለነበር፣ ፋይሎቹ በበዙ ቁጥር ለመነሣት የሚፈጅበት ጊዜም አብሮ ይረዝም ነበር። በኋላ ሜታዳታው በተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ቅጂ ወዳለው፣ በአብላጫ ድምፅ ወደሚተዳደር የዳታቤዝ ሥርዓት እንዲዛወር ተደርጎ ይህ ችግር ተቃልሏል።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበውን በአጭሩ ስናጠቃልለው፣ ትርታ ሰርቨሩ መኖሩን እንጂ ጤንነቱን አይመሰክርም፤ የትርታ መቅረትም ጥርጣሬን እንጂ እርግጠኝነትን አይሰጥም። ስለሆነም የቁጥጥሩ ጥበብ ሁለቱን ስሕተቶች ማመዛዘን፣ ከመሻር በፊት ማጠር፣ ከአማካዩ ይልቅ እጅግ የዘገየውን መመልከት፣ በተገልጋዩ ዓይን መሞከርና ተቆጣጣሪውን ከታማሚው ነጻ ማድረግ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ እየረዘመ የሚሄድን ጆርናልና እያደገ የሚመጣን ወረፋ በጊዜ ያየ አስተዳዳሪ የሁሉንም ሥራ ከመቆም ያድናል። ከርቀት የሚደረግ ማንኛውም ልኬት የራሱ ወሰን እንዳለው ማወቅ ደግሞ ለኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም የሳይንስ ተማሪ የሚጠቅም ትምህርት ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በሰከንድ 10,000 ጥያቄ የመመለስ አቅም ላለው ሰርቨር በሰከንድ 8,000 ጥያቄ ቢደርሰው የአንድ ጥያቄ አማካይ ቆይታ ስንት ይሆናል? በሰርቨሩ ውስጥ የሚገኙት ጥያቄዎችስ በአማካይ ስንት ናቸው?

2. ተቆጣጣሪዎቹ 4 ቢሆኑ ምልዓተ ጉባኤው ሳይፈርስ ስንቱ ሊበላሹ ይችላሉ? ከ3 ተቆጣጣሪዎች ጋር አነጻጽሩና 4 ማድረግ ትርፍ እንዳለው ተወያዩ።

3. ትርታ በየ2 ሰከንዱ እንዲላክ ተደርጎ ገደቡ 15 ሰከንድ ቢቀር፣ እያንዳንዷ ትርታ በ1 ከመቶ ዕድል የምትጠፋ ከሆነ፣ ሰርቨሩ በስሕተት ሞተ የሚባልበት ዕድል በጽሑፉ ካለው ምሳሌ ጋር ሲነጻጸር እንዴት ይሆናል? ትርታዎች በጅምላ የሚጠፉ ከሆነስ መልሳችሁ ይለወጣልን?